መርከብና ጀልባ በመልህቅ እንዴት ይቆማሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ መልህቅ አሠራርና አጠቃቀም በብዛት የሚነሡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቀርበዋል።

መርከብን የሚያቆማት የመልህቁ ክብደት ነው?

አይደለም። ታይታኒክ ሙሉ ጭነቷን ይዛ ከ52,000 ቶን በላይ ትመዝን ነበር፤ ትልቁ መልህቋ ግን 16 ቶን ገደማ ብቻ ነበር። ከሦስት ሺሕ አንድ እጅ የማይሞላ ብረት ያችን ግዙፍ መርከብ በክብደቱ ብቻ ሊይዛት እንደማይችል ግልጽ ነው።

መልህቅ የሚሠራው እንደ ማረሻ ነው። ማረሻ መሬት የሚሰነጥቀው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን በሬዎቹ ሲስቡት ጫፉ በተስማሚ ዝንባሌ ወደ አፈሩ ስለሚገባ ነው። መልህቅም መርከቧ በነፋስና በውኃ ፍሰት ተገፍታ ስትስበው ክንዶቹ በባሕሩ ወለል ውስጥ ይቀበራሉ፤ ወለሉ የሚይዝ ከሆነም ጉተታው በበረታ መጠን ይበልጥ ይሰምጣል። ልዩነቱ ገበሬው ማረሻው እንዲሄድለት፣ መርከበኛው ደግሞ መልህቁ እንዲቆምለት መፈለጋቸው ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጉተታው ከወለሉ ጋር ተጋድሞ ሲመጣ ነው። ወደ ላይ ከተሳበ መልህቁ ይነቀላል። ይህም ታስቦበት የተሠራ ነው፤ መርከቧ ጉዞ ስትቀጥል ልክ ከመልህቁ አናት ላይ ደርሳ ሰንሰለቱን ቀጥ አድርጋ በመሳብ ታወጣዋለች።

ሰንሰለቱስ ማገናኛ ብቻ ነው?

ሰንሰለቱ የመልህቁን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሥራ ይሠራል። ውፍረቱ 76 ሚሊሜትር የሆነ የመርከብ ሰንሰለት በየሜትሩ 126 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። መርከበኞች «ሻክል» ብለው የሚቆጥሩት አንዱ ቁራጭ 27.5 ሜትር ስለሆነ አንድ ሻክል ብቻውን ሦስት ቶን ተኩል ገደማ ይደርሳል። ይህ ክብደት ከመልህቁ አጠገብ ያለውን የሰንሰለት ክፍል ወለሉ ላይ አስተኝቶ ስለሚያቆየው መልህቁ የሚሳበው ወደ ጎን ብቻ ይሆናል። ውኃው ውስጥ የረገበው ቀሪ ክፍል ደግሞ ነፋስ ሲመጣ እየተወጠረ፣ ሲያልፍ ተመልሶ እየረገበ ድንገተኛውን ንጥቂያ ያለዝባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መርከቧን የሚገፋት ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ በብርቱ ነፋስ ከባድ ሰንሰለት ሳይቀር ቀጥ ብሎ ሊወጠር ይችላል። ያን ጊዜ ከክብደቱ ይልቅ የሚያድነው ርዝመቱ ነው።

ምን ያህል ርዝመት ልልቀቅ?

ልኩ የሚሰላው ከጥልቀቱ አንጻር ነው። ሙሉ በሙሉ ሰንሰለት የያዘ ጀልባ በመካከለኛ አየር የጥልቀቱን አምስት እጥፍ፣ ገመድና አጭር ሰንሰለት የያዘ ደግሞ ሰባት እጥፍ ይለቃል፤ ነፋሱ ሲበረታ እስከ አሥር እጥፍ ይደረሳል። ሦስት እጥፍ የሚበቃው ጸጥ ባለ ቀን፣ ያውም ሰው ነቅቶ እየጠበቀ ነው። ምክንያቱ ቀላል ጂኦሜትሪ ነው፦ ገመዱ ቀጥ ብሎ ሲወጠር በሦስት እጥፍ ርዝመት ከወለሉ ጋር 19 ዲግሪ ተኩል፣ በአምስት እጥፍ 11 ዲግሪ ተኩል፣ በአሥር እጥፍ ከ6 ዲግሪ ያነሰ ማዕዘን ይሠራል።

ስሕተቱ የሚፈጠረው ማባዛቱ ላይ ሳይሆን «ጥልቀት» የሚለው ቃል ላይ ነው። እዚህ ጥልቀት ማለት ከባሕሩ ወለል ጀምሮ ገመዱ ከጀልባዋ አፍንጫ እስከሚወጣበት ቦታ ያለው ከፍታ ሲሆን የባሕሩ መሙላትም ይደመርበታል። የጥልቀት መለኪያው 6 ሜትር ሲያሳየው «አምስት እጥፍ» ብሎ 30 ሜትር የለቀቀ ሰው በትክክል የሠራ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የጀልባዋ አፍንጫ ከውኃው 1 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነና ባሕሩ በሌሊት 2 ሜትር ከሞላ እውነተኛው ልክ 9 ሜትር ነው፤ ያ 30 ሜትርም ከሦስት እጥፍ ፈቅ አይልም። ሰውየው ተኝቶ ሳለ የሚያስፈልገው 45 ሜትር ሆኗል ማለት ነው። በፖርት ሱዳን አካባቢ የባሕሩ ዕለታዊ መሙላትና መጉደል እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ይህ ስሕተት እዚያ ብዙ አይጎዳም፤ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲወጡ ግን በሒሳቡ ማስገባት ግድ ነው።

ረዘም አድርጎ መልቀቅም የራሱ ዋጋ አለው። ጀልባዋ ነፋሱ በዞረ ቁጥር መልህቁን ማዕከል አድርጋ ስለምትዞር፣ 45 ሜትር የለቀቀ ሰው በዚያ ዙሪያ ሌላ ጀልባ፣ አለት ወይም ዳርቻ አለመኖሩን አስቀድሞ ማየት አለበት።

ስንት ዓይነት መልህቅ አለ? የትኛውስ ይሻላል?

የሁሉም አባት በገመድ የታሰረ ድንጋይ ነው። በባሕር ኃይል አርማዎች ላይ የምናየው፣ አናቱ ላይ አግድም ዘንግ ያለው መልህቅ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ያገለገለ ነው። አግዳሚው ከታች ካሉት ክንዶች ጋር ተሻግሮ ስለሚገኝ ወለሉ ላይ ሲጋደም አንደኛው ክንድ ወደ ታች እንዲዞር ያስገድደዋል። አለታማ ቦታ ላይ ዛሬም ጥሩ ነው፤ ችግሩ መርከብ ላይ ለማስቀመጥ አለመመቸቱ ነው። የዛሬ ትልልቅ መርከቦች አግዳሚ የሌለውንና ክንዶቹ የሚታጠፉትን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ግንዱ በመርከቧ አፍንጫ ቀዳዳ ተስቦ ይገባና ክንዶቹ ከውጭ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። ከክብደቱ አንጻር የመያዝ አቅሙ ደካማ ቢሆንም ለአያያዝ ቀላል መሆኑ አሸናፊ አድርጎታል።

በትንንሽ ጀልባዎች ዘንድ ግን ምርጫው ሰፊ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄፍሪ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1933 የሠራው ሲኪውአር የተባለው መልህቅ ቁርጥ ማረሻ ነው። ሁለት ሰፋፊ ጠፍጣፋ ክንዶች ያሉት ዳንፎርዝ ቀላል ሆኖ ሳለ በአሸዋና በጭቃ አጥብቆ ይይዛል፤ የጉተታው አቅጣጫ ድንገት ሲገለበጥ ግን ተነቅሎ እንደገና ላይቀበር ይችላል። ለሰሜን ባሕር የነዳጅ መድረኮች ታስቦ የተነሣው ብሩስ በተቃራኒው ከተነቀለም ቶሎ ይመለሳል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመጡት እንደ ሮክና ያሉት ስለታም ጫፍና ሹል አካፋ መሰል ቅርጽ ያላቸው ሲሆኑ፣ አንድ ብቻ ምረጥ የተባለ ሰው ከእነዚህ ቢጀምር አይጸጸትም። ለቋሚ ማሰሪያ ደግሞ የመብራት ቤት መሐንዲሱ ሮበርት ስቲቨንሰን በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያስተዋወቀው እንጉዳይ መሰል መልህቅ አለ፤ ጭቃ ውስጥ ቀስ በቀስ እየሰመጠ የሚጠነክር ነው።

የባሕሩ ወለል ዓይነት ለውጥ ያመጣል?

በጣም። ሸክላማ አፈርና ጠንካራ ጭቃ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው፤ አሸዋም ጥሩ ነው። ለስላሳ ጭቃ ሰፊ ክንድ ይፈልጋል። አለት ላይ መልህቅ ወይ ጨርሶ አይዝም ወይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ የባሕር ሣር ደግሞ ጫፉን ስለሚሸፍነው ይንሸራተታል። ኮራል ላይ መጣል ሕይወት ያለውን ነገር ማፍረስ ስለሆነ በብዙ አገር የተከለከለ ነው። ዛሬ ካርታው የወለሉን ዓይነት ጽፎ ያሳያል፤ የጥንት መርከበኞች ግን ጥልቀት በሚለኩበት የእርሳስ ጭነት ግርጌ ሞራ ቀብተው ይጥሉት ነበር፤ ሲያወጡት ሞራው ላይ የተጣበቀው አሸዋ ወይም ጭቃ ከታች ያለውን ይነግራቸዋል።

መልህቅ የሚጣለው እንዴት ነው?

መወርወር የሚባል ነገር የለም። ጀልባዋ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ በዝግታ ትቀርብና ትቆማለች፤ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር መልህቁ ወለሉን እስኪነካ ይወርዳል፤ ከዚያም ጀልባዋ ባፈገፈገች መጠን ሰንሰለቱ እየተለቀቀ ይዘረጋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የለቀቀ ሰው ሰንሰለቱን መልህቁ ላይ ይከምረዋል፤ የተከመረ ሰንሰለት ደግሞ ክንዶቹን ይጠመጥማል። በመጨረሻ ሞተሩ ወደ ኋላ በቀስታ ይነዳና መልህቁ መቀበሩ ይፈተናል።

በትልቅ መርከብ ላይ ይኸው ሥራ ከአፍንጫዋ ላይ ባለው ዊንድላስ በሚባለው የመልህቅ ማሽን ይከናወናል። ውኃው ጥልቅ ከሆነ መልህቁ በራሱ ክብደት ተወርውሮ እንዲወርድ አይለቀቅም፤ ማሽኑ ተያይዞ በዝግታ ያወርደዋል፤ አለዚያ ሰንሰለቱ የፍሬኑን አቅም አልፎ መቆሚያ ሊያጣ ይችላል። ስንት ሻክል እንደወጣ የሚታወቀው በምልክት ነው፤ ለምሳሌ ሦስተኛው መጋጠሚያ ላይ ከግራና ከቀኙ ሦስተኛ የሆኑት ቀለበቶች ነጭ ቀለም ተቀብተው ሽቦ ይጠመጠምባቸዋል፤ ቀለሙ ቢለቅ እንኳ በጨለማ በእጅ ዳስሶ መቁጠር ይቻላል። ሰንሰለቱ ተለቅቆ ካበቃ በኋላ ጭነቱን የሚሸከመው ማሽኑ ሳይሆን ሰንሰለቱን ቆንጥጦ የሚይዘው ወፍራም የብረት መቆለፊያ ነው።

መልህቅ ከፊት ነው ወይስ ከኋላ የሚጣለው?

በመደበኛው ከፊት ነው፤ የመርከብ አፍንጫ ማዕበል እንዲሰነጥቅ የተሠራ ሲሆን ኋላዋ ግን ሰፊ ስለሆነ ነፋስና ውኃ በኃይል ይመታታል። ትንሽ ጀልባ ከኋላ ብቻ ብትታሰር ማዕበሉ ዘሎ ሊሞላት ይችላል።

ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን ተቃራኒው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 እንደተተረከው ቅዱስ ጳውሎስ የተሳፈረባት መርከብ ሠራተኞች ጥልቀቱ ከ37 ሜትር ገደማ ወደ 28 ሜትር ገደማ ማነሱን ባወቁ ጊዜ በሌሊት አራት መልህቆች ከበስተኋላ ጣሉ። ይህ ስሕተት ሳይሆን የባለሙያ ውሳኔ ነበር። ከፊት ቢጥሉ መርከቧ በነፋሱ ዞራ ጀርባዋን ለዳርቻው ትሰጥ ነበር፤ ከኋላ በመጣላቸው ፊቷ ወደ ምድር እንዳቀና ቀረ፤ ሲነጋም መልህቆቹን ቆርጠው ወደ ዳርቻው በቀጥታ ሊነዷት ቻሉ።

በጣና ወይም በሌላ ሐይቅ ላይ ለትንሽ ጀልባ ምን ይበቃል?

ጣና ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ገደማ ስለማያልፍና የባሕር መሙላት ስለሌለው ሒሳቡ ቀላል ነው። ቀላል ዳንፎርዝ ወይም ማረሻ መሰል መልህቅ፣ ጥቂት ሜትር ሰንሰለትና የጥልቀቱን ሰባት እጥፍ የሚሆን ገመድ ይበቃል። በየቦታው የሚታየው በገመድ የታሰረ ድንጋይ ወይም በሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ ዓሣ ለማጥመድ ለአንድ ሰዓት ቢያገለግልም፣ የሚሠራው በክብደቱ ብቻ ስለሆነ ነፋስ ሲነሣ ወለሉ ላይ ይንሸራተታል፤ ተሳፋሪ የያዘ ጀልባ ሊተማመንበት አይገባም። ተንሳፋፊ እምቦጭ ገመዱ ላይ ከተከመረም ጉተታውን ስለሚያበዛው ቶሎ ቶሎ ማራገፍ ያስፈልጋል።

ሌሎች መርከቦች መልህቅ ላይ መሆኔን በምን ያውቃሉ?

ቀን በአፍንጫዋ በኩል አንድ ጥቁር ኳስ፣ ሌሊት ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ ነጭ መብራት ይሰቀላል። ርዝመቷ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ከበስተኋላ ዝቅ ያለ ሁለተኛ ነጭ መብራት ትጨምራለች፤ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነች ደግሞ መድረኳን ማብራት ግዴታዋ ነው። በጭጋግ ጊዜ በየደቂቃው ለአምስት ሰከንድ ያህል ደወል ይደወላል።

መልህቁ እየተጎተተ መሆኑን እንዴት ልወቅ?

በጣም አስተማማኙ መንገድ ምድር ላይ ያሉ ሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮችን፣ ለምሳሌ አንድ ዛፍና ከጀርባው ያለ ሕንፃ፣ በአንድ መስመር አድርጎ ማየት ነው። መስመሩ ከተዛባና ካልተመለሰ ተንቀሳቅሳችኋል። የጂፒኤስ ማንቂያም ጥሩ ረዳት ነው። ሌላው ዘዴ እጅን ወይም ባዶ እግርን ሰንሰለቱ ላይ ማሳረፍ ነው፦ የያዘ መልህቅ ሰንሰለት በዝግታ ይወጠርና ይረግባል፤ እየተጎተተ ያለው ግን ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ እንደሚሄድ ጋሪ ይንቀጠቀጣል። ይህን የዳሰሰ እጅ ሁለተኛ አይስተውም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ተጨማሪ ርዝመት መልቀቅ ነው፤ ካልያዘ ሞተር አስነሥቶ፣ መልህቁን አውጥቶ ሌላ ቦታ እንደገና መጣል ይሻላል። ሰው ሲጨንቀው ሰንሰለቱን ያሳጥራል፤ ይህ ግን ጉተታውን ወደ ላይ ስለሚያዞረው ነገሩን ያባብሰዋል።

ማዕበል ሲመጣ መልህቅ ላይ መቆየት ይሻላል?

ለትልቅ መርከብ በገላጣ ዳርቻ፣ ብዙ ጊዜ አይሻልም። የዓለም አቀፉ የመርከብ ምደባ ድርጅቶች ማኅበር ደንብ እንደሚለው የመርከብ መልህቅ የሚነደፈው በወደብ ወይም በተከለለ ቦታ ለጊዜያዊ ቆይታ ነው። ስሌቱ የተመሠረተው በሰከንድ 25 ሜትር ነፋስ፣ በሰከንድ 2.5 ሜትር የውኃ ፍሰትና ከጥልቀቱ ከ6 እስከ 10 እጥፍ በሆነ ሰንሰለት ላይ ነው። ትልልቅ ማዕበል በዚህ ስሌት ውስጥ የለም።

እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 2007 በአውስትራሊያ ኒውካስል ወደብ ፊት ለፊት ከ50 በላይ መርከቦች ከሰል ለመጫን ወረፋ ሲጠብቁ ብርቱ ማዕበል መጣ። አንዳንዶቹ አስቀድመው ወደ ባሕሩ ወጡ። ፓሻ በልከር የተባለችው ባዶ የጭነት መርከብ ግን መልህቋ እስኪጎተት ቆየች፤ ካነሣችው በኋላም ነፋሱን ተቋቁማ ከዳርቻው መራቅ ስላቃታት ኖቢስ በተባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ተቀመጠች። 22ቱም ሠራተኞቿ በሄሊኮፕተር ተነሡ። ባዶ መርከብ ከውኃው ከፍ ብላ ለነፋስ ሰፊ ግድግዳ ስለምትሰጥ እንዲህ ባለ ጊዜ ከሁሉ ቀድማ መውጣት የሚገባት እሷ ናት።

መልህቁ አልነቀል ቢልስ?

በመጀመሪያ ጀልባዋን ከአናቱ አምጥቶ ሰንሰለቱን ማሳጠርና ማሰር፣ ከዚያም ጀልባዋ ራሷ ከፍ ዝቅ ስትል እንድትነቅለው መታገሥ ነው። ካልሆነ በገባበት ተቃራኒ አቅጣጫ መሳብ ይሞከራል። አለታማ ቦታ እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከመልህቁ ራስ ላይ ቀጭን ገመድ አስሮ በተንሳፋፊ ነገር ይለቃል፤ መልህቁ ቢያዝ በዚያ ገመድ ከኋላው ይጎትተዋል።

ምንም ካልተቻለ፣ ወይም ሌላ መርከብ እየመጣ ጊዜ ከሌለ፣ ሰንሰለቱን ሙሉ በሙሉ ለቅቆ መሄድ አለ። ስለዚህ የሰንሰለቱ የመጨረሻ ጫፍ ከመርከቧ ጋር የሚያያዘው በቀላሉ ከውጭ ሊፈታ በሚችል መንገድ ነው። በትንሽ ጀልባ ላይ ጫፉ በገመድ ቢታሰር በቢላ ለመቁረጥ ይመቻል። ጫፉን ጨርሶ ማሰር የረሳ ሰው ደግሞ ሰንሰለቱ ጮኾ አልቆ ባሕር ሲገባ ቆሞ ከማየት በቀር አማራጭ የለውም።

በፍጥነት የምትሄድ መርከብ መልህቅ ጥላ ድንገት መቆም ትችላለች?

ፊልም ላይ ብቻ። በአሥር ሺዎች ቶን የሚቆጠር ክብደት በፍጥነት ሲሄድ የያዘውን ኃይል የዊንድላሱ ፍሬን ሊውጠው አይችልም፤ ሰንሰለቱ ከእሳት ፍንጣሪ ጋር እስከ መጨረሻው ይወጣል ወይም ይበጠሳል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ሕይወትም አደጋ ላይ ይወድቃል። በዝግታ በምትጓዝ መርከብ ላይ ግን መልህቅን አጭር አድርጎ ወለሉ ላይ እየጎተቱ መሪዋን ማገዝ የታወቀ የወደብ ዘዴ ነው። ሞተር ወይም መሪ ሲበላሽም መልህቅ የመጨረሻ አማራጭ ስለሆነ መርከቦች በጠባብ መተላለፊያ ሲያልፉ ለመጣል ዝግጁ አድርገውት ይሄዳሉ።

ውኃው በጣም ጥልቅ ከሆነስ?

ማሽኑ ራሱ ገደብ አለው፤ በተለመደው መስፈርት ዊንድላስ ሊያነሣ የሚጠበቅበት 82.5 ሜትር የተንጠለጠለ ሰንሰለትና መልህቁን ነው። ከዚያ በጣም የጠለቀ ውኃ ላይ የጣለ መርከበኛ ማውጣት ሊያቅተው ይችላል። መሐል ውቅያኖስ ላይ ማዕበል የሚይዛቸው ትንንሽ ጀልባዎች ወለሉን የማይነካ፣ ጃንጥላ የሚመስል የጨርቅ መልህቅ ውኃው ውስጥ ይዘረጋሉ፤ ይህ ጀልባዋን አያቆማትም፤ ፊቷን ወደ ማዕበሉ አዙሮ መንሸራተቷን ያዘገያል።

መልህቅ ኢንተርኔት ሊያቋርጥ ይችላል?

ይችላል፤ የመገናኛ ኬብሎችና የጋዝ ቧንቧዎች የሚዘረጉት እዚያው ወለል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 2023 ፊንላንድንና ኢስቶኒያን የሚያገናኘው ባልቲክኮኔክተር የጋዝ ቧንቧ ሲበጠስ የፊንላንድ ፖሊስ በአጠገቡ 6 ቶን ያህል የሚመዝን መልህቅ ከባሕር አውጥቷል።

ለእኛ የቀረበው ግን የቀይ ባሕሩ ነው። ሩቢማር የተባለችው የጭነት መርከብ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024 በሁቲዎች ሚሳይል ከተመታች በኋላ ሠራተኞቿ መልህቅ ጥለው ወጡ። መርከቧ ግን አልቆመችም፤ መልህቋን እየጎተተች ለሁለት ሳምንት ያህል ከተንሳፈፈች በኋላ ሰጠመች። በእነዚያ ቀናት ሦስት የባሕር ሥር ኬብሎች የተቋረጡ ሲሆን የአሜሪካ ባለሥልጣናት መንሥኤው ሳይሆን እንደማይቀር የገመቱት ይህንኑ መልህቅ ነው። ከሦስቱ አንዱ ኤኤኢ-1 የተባለው፣ ከእስያ ወደ አውሮፓ ሲሄድ ጅቡቲ ላይም የሚያርፍ ኬብል ነበር፤ ኢትዮጵያ ከዓለም ጋር ከምትገናኝባቸው በሮች አንዱ ደግሞ ጅቡቲ ናት። ኬብል ያለበት ቦታ በባሕር ካርታ ላይ ምልክት ስለሚደረግበት መልህቅ ከመጣሉ በፊት ካርታውን ማየት የመኮንኑ ግዴታ ነው፤ ሠራተኛ የሌላትን መርከብ ግን ካርታ አያቆማትም።